«ደህና» ስንት ነው?

ደሜ ናይሮቢን ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል። ከድንበሯ ከተማችን በየሦስት ወሩ ይሄዳል። የክሊኒኩ ነርስ ከክንዴ ትቀዳለች፣ በማሽን አሽከርክራ ቀዩን ከውሃው ትለያለች፣ ውሃውን በረዶ ባለበት ሳጥን አሽጋ ለናይሮቢው አውቶቡስ ሾፌር ታስረክባለች። እኔ ሱቄ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ አውቶቡሱ ጥሩምባውን እየነፋ ሲወጣ እሰማለሁ። እግሬ የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ቀጥ ይላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ እህል አይረጋልኝም። ሱቁን ቆልፌ አሥር እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ ቁልፉን እጎትታለሁ፤ እንደገና ሄጄ እንደገና እመለሳለሁ። ልጆቼ አንድ ጊዜ ካሳሉ ሦስት ጊዜ ግንባራቸውን እዳስሳለሁ።

ፈሪ ሴት ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ በኋላ ያደረግኩትን አይቶ «ድሮም ደፋር ነበረች» ብሎ የሚያልፍ ሰው እንዳይኖር ነው። ደፋር አልነበርኩም። አሁንም አይደለሁም።

ደሜ የሚመላለሰው ለአንድ ቁጥር ነው። የእንቁላል እጢ ካንሰር ይዞኝ ናይሮቢ ኦፕራሲዮን ሆኜ፣ ስድስት ጊዜ ኬሞ ወስጄ ስጨርስ ሐኪሙ «ወደ ቤትሽ ሂጂ፤ ደምሽን ግን በየሦስት ወሩ ላኪልን» አለኝ። ደሙ ውስጥ የሚለካው ነገር ሲኤ መቶ ሃያ አምስት ይባላል። ስሙ ለአፍ አይመችም፤ እኛ ታማሚዎቹ «ቁጥሬ» እንለዋለን። ከሠላሳ አምስት በታች ሲሆን መልካም ነው ይላሉ። ነገር ግን ከቁጥሩ ይልቅ የሚታየው አካሄዱ ነው። አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ እያለ ባለበት ከረገጠ ሰላም ነው። ሽቅብ መውጣት ከጀመረ በሽታው ተመልሶ ሊሆን ይችላል። «ሊሆን ይችላል» የምትለዋን ቃል ከዚያ በፊት ልብ ብዬ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ፣ በፕላስቲክ ሸራ ሥር። አማርኛ አነባለሁ። ከእንግሊዝኛ የማውቀው ልብስ ላይ የሚጻፉትን የመጠን ፊደላት ነው። ቁጥር ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ ቢጻፍ አይጠፋኝም፤ ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነው የኖርኩት።

ናይሮቢ ስታከም አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ የተኛችው ከኡራን፣ ከከተማችን ወጣ ካለ መንደር፣ የመጣች አሮጊት ነበረች። ከቦረና አፍ በቀር አንድ ቃል አታውቅም። እኔ ካምፕ ውስጥ ከልጆች ጋር ስጫወት ስለለመድኩት ነርሶቹ «ነይ፣ ንገሪልን» እያሉ ይጠሩኝ ጀመር። እንደ ልጅ ልጆቿ «አኮ» አልኳት፤ አያቴ ማለት ነው። እሷም «ልጄ» አለችኝ። ሆዷን ከፍተው ከሰፉት በኋላ ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «የሰፋኝ ሰው እጁ እንደ አንቺ ቀጥ ያለ ነው?» ብላ ነው። ገልጬ አየሁላት።

«ትንሽ ይጣመማል፣ አኮ።»

«ግድ የለም፣ ለሠርግ የምለብሰው አይደለም» አለች።

በዚያው ክፍል ከኢሲዮሎ የመጣች መምህርት ተኝታ ነበር። በሽታው ከእኛ በፊት ስለያዛት ብዙ ታውቃለች። ወደየቤታችን ስንመለስ በስልክ ቡድን ከፈተችና አሥር ያህል ሴቶች ከየቦታው ገባን። የምንነጋገረው በስዋሂሊ ነው፤ ያልሆነላት በራሷ ቋንቋ በድምፅ ትልካለች፣ የገባት ለሌሎቹ ትመልሳለች። ሐኪም ለመናገር ጊዜ ያላገኘውን ሁሉ እዚያ ሰማሁ። ደምሽን ሁልጊዜ አንድ ላቦራቶሪ ላኪ፤ የአንዱ መለኪያ ከሌላው አይገጥምም። ትኩሳት ወይም የሆድ ሕመም ሰንብቶብሽ ከሆነ ተናገሪ፤ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ቁጥርሽን ከሌላ ሴት ቁጥር ጋር አታስተያዪ፤ የእሷ ሆድ ሌላ፣ ያንቺ ሆድ ሌላ። ቁጥር ብቻውን ፍርድ አይደለም፤ ሐኪም ይዳስስሽ፣ ሲቲ ስካን ተነሺ። መምህርቷ ይህን የምትናገረው ቀስ ብላ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፍ ሰው ነው። የቡድኑ ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ ቁጥሯ የደረሳት ሴት ወጣም ወረደም ለእህቶቿ ትናገር።

የእኔ ስልክ ባትሪ የምታበራዋ ትንሿ ስልክ ናት። መደወልና መብራት ነው ሥራዋ። ስለዚህ ቡድኑም፣ የላቦራቶሪው ውጤትም የሚመጣው በባሌ ስልክ ነበር። ኡራን ኔትወርክ አለ ከማለት የለም ማለት ይቀላል፤ የአኮም ውጤት በዚያው በባሌ ስልክ ይመጣ ነበር። ትልቋ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የአባቷን ስልክ ተቀብላ የሴቶቹን ድምፅ ታሰማኛለች። በዚህ ደስተኛ ነበርኩ። ደሜ ከእኔ ወጥቶ፣ ዞሮ በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ እንደሚገባ አንድም ቀን አላሰብኩም።

አኮ ቁጥር አታነብም፤ ዶቃ ግን ታውቃለች። ከመጀመሪያው ውጤት ጀምሮ በቀጭን የቆዳ ክር ላይ ትደረድረው ነበር። ጥቁሩ ዶቃ አሥር፣ ነጩ አንድ። አንዱ ምርመራ ከሌላው እንዲለይ በመሃሉ ቋጠሮ። አሥራ ስድስት ስላት አንድ ጥቁር፣ ስድስት ነጭ፣ ቋጠሮ። አሥራ ስምንት ስላት አንድ ጥቁር፣ ስምንት ነጭ፣ ቋጠሮ። ክሩን በልብሷ ሥር አንገቷ ላይ ታስረዋለች። መምህርቷ በስልክ ፎቶውን ስታየው «እኔ በወረቀት ላይ ከምሥለው ይሄ ይሻላል» አለች።

አሁን ስለ ልማዳችን መናገር አለብኝ። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ በቀጥታ ለባለቤቱ አይነገርም። መጀመሪያ የቤቱ ትልቅ ሰው ይሰማል፣ ከዚያ ጎረቤት ይሰማል፣ ባለቤቱ መጨረሻ ላይ ነው። በዓል ከደረሰ ደግሞ በዓሉ ይለፍ ይባላል። እናቴ ኢትዮጵያ ውስጥ ስትሞት እኔ ካምፕ ነበርኩ፤ መርዶው የተነገረኝ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር። ከእኔ ጋር ይበላሉ፣ ስስቅ ያዩኛል። ሲነገረኝ ከሞቷ እኩል ያቃጠለኝ ያ ሳቄ ነው። ቢሆንም ልማዱን አልጠላሁትም። የሚወዱሽ ሰዎች እንዲህ ያደርጋሉ ብዬ ተቀበልኩ፤ እኔም ሴት ሆኜ ቤት ስይዝ እንዲሁ አደረግኩ።

ፋሲካ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው አኮና እኔ በአንድ ቀን ደም ሰጠን። ሳጥኑ አብሮ ሄደ። በሚቀጥለው ሰኞ ባሌ የጋራዥ ሥራውን አቋርጦ ወደ ሱቄ መጣ። ታላቅ እህቱ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ አብራው ናት። ሁለቱ በቀን አብረው ሱቄ መጥተው አያውቁም።

«የአሮጊቷ ውጤት መጥቷል» አለኝ። «ጥሩ አይደለም። ስልሳ አንድ ነው። ሐኪሙ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትምጣ ብሏል።»

መቀሱን አስቀመጥኩ። «የእኔስ?»

«ያንቺ ደህና ነው።»

ቃሉ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ሆዴ ውስጥ ወረደ። እትዬ ስታማትብ አየሁና እኔም አማተብኩ። ስንት እንደሆነ አልጠየቅኩም። በሩን ሦስት ጊዜ የማይ ሴት ያን ቀን አንድ ጊዜ እንኳን አላየሁም።

«ለአሮጊቷ እንዳትነግሪያት» አለች እትዬ። «ድርቁ ከብቷን እየፈጀባት ነው። በዚያ ላይ ይሄን ትችለዋለች? ለልጇ ባል ይነገረው፣ እሱ ጊዜውን አይቶ ይወስዳታል።»

ተስማማሁ። የአኮ የልጅ ባል ለገበያ ሲመጣ ባሌ ቁጥሩን ነገረው። «ለአኮ ደህና ነው በላት» ያልኩት ግን እኔ ነኝ፤ በራሴ አፍ። ማንም አላስገደደኝም። እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። ለሰው የማስብ ሴት ነኝ እያልኩ ነው ያደረግኩት።

በሌላው ሳምንት ሐሙስ አኮ ራሷ መጣች። ሎሪ ስላላገኘች በሞተር ነው የመጣችው፤ ኦፕራሲዮን የሆነችበትን ሆዷን በነጠላ ጠፍራ፣ የማታውቀውን ሰው ወገብ ይዛ። አቧራው ሽፋሽፍቷ ላይ ተቀምጧል። ሱቄ ወለል ላይ እግሯን ዘርግታ ውሃ ጠጣች፣ ክሯን ከአንገቷ አወለቀች፣ በልብሷ ጫፍ የቋጠረቻቸውን ዶቃዎች ፈትታ መዳፏ ላይ ዘረገፈች።

«በይ፣ ቁጥሬን ስጪኝ።»

«ደህና ነው እኮ፣ አኮ። የልጅሽ ባል አልነገረሽም?»

«ነግሮኛል። ደህና ስንት ነው?»

«ደህና ማለት... ጥሩ ነው ተብሏል።»

«ስንት ጥቁር ነው? ስንት ነጭ?»

የተሰካውን መርፌ ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። «ወረቀቱ ገና አልመጣም።»

«ወረቀቱ ካልመጣ ደህና መሆኑን ማን አየው?» መዳፏን አላጠፈችም። «ልጄ፣ ግመሌ ቢታመም እረኛው ሮጦ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ለጎረቤቴ ነግሮ ከእኔ ቢደብቅ በበትር ነው የምለው። ሆዴ ከግመሌ አነሰ?»

«ስልሳ አንድ» አልኩ።

ስድስት ጥቁር ለየች፣ አንድ ነጭ ለየች። በክሩ ላይ ካለፈው ጎን አስጠግታ አየቻቸው። ውጭ ውሃ የጫነ መኪና ደርሶ ሴቶች ጄሪካን እየያዙ ሲሮጡ ይሰማል።

«መቼ መጣ?»

«የዛሬ አሥር ቀን። ሐኪሙ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትምጣ ብሏል።»

«አሥሩን ቀን ማን ወሰደብኝ?»

«እኔ» አልኩ። «እኔ ነኝ ደህና ነው በላት ያልኩት።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ቀና ብላ ብቻ አየችኝ። ከዚያ «ያንቺስ?» አለች።

«የእኔ ደህና ነው።»

«ስንት?»

የራሴን «ደህና» ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

«አላውቅም» አልኩ።

አኮ ሳቀች። ሻሿ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝ። አንቺ ታነቢያለሽ፣ ሜትር አንገትሽ ላይ አለ። ተነሽ! ተነሽ አልኩሽ እኮ!»

ሱቄን በጠራራ ፀሐይ ዘጋሁ፤ ከዚያ በፊት አድርጌው አላውቅም። ቁልፉን አንድ ጊዜ ብቻ አዙሬ ሄድኩ። ጋራዡ ከትልቁ መንገድ ማዶ ነው። እኔ ፊት ፊት፣ አኮ በዱላዋ ኋላ ኋላ። ባሌ አንድ ሎሪ ሥር ገብቶ እግሮቹ ብቻ ይታያሉ።

«ውጣ» አልኩት።

«ምን ሆንሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው?»

«ልጆቹ ደህና ናቸው። ቁጥሬ ስንት ነው?»

እግሮቹ አልተንቀሳቀሱም። «ደህና ነው አልኩሽ እኮ።»

«ደህና ስንት ነው?»

«እቤት እንነጋገራለን።»

«እዚሁ።»

ብረት ከብረት ሲጋጭ ሰማሁ፤ የሚሠራ ለመምሰል ብሎን ያጠብቃል። አኮ ጎማ ላይ ተቀመጠችና የሎሪውን ጎን በዱላዋ ኳ ኳ ታደርግ ጀመር። በዙሪያው ያሉት መካኒኮች ሥራቸውን ትተው ያዩናል። አንዱ «ወንድሜ፣ ያ ብሎን ከጠበቀ ቆይቷል፤ በቃ ውጣ» አለው። ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ባሌ ተንሸራቶ ወጣ። እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ ስልኩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ፣ ከፍቶ ሰጠኝ። እንግሊዝኛውን ዘልዬ ቁጥሩን ፈለግኩ። አምሳ ሁለት። ያለፈው አሥራ ዘጠኝ ነበር።

«ከአንተ ሌላ ማን ያውቃል?»

«እትዬ።»

«ሌላስ?»

«ወንድምሽ። ንስሐ አባታችን።» መሬቱን አየ። «ልጅሽም። መልእክቱን ያነበበችልኝ እሷ ናት።»

አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። አሥር ቀን ሙሉ የእናቷን ቁጥር በሆዷ ይዛ ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ እራት ስታቀርብልኝ፣ የሴቶቹን ድምፅ ስታሰማኝ። አሁን ገባኝ፤ ሰሞኑን የምታሰማኝ፣ ሴቶቹ ቁጥሬን ሲጠይቁ እንዳልሰማ፣ ድሮ የሰማሁትን ነበር።

«ለልጄ ነግራችሁ ከእኔ ደበቃችሁ?»

«ፋሲካ ይለፍ ብለን ነው። እንዳትደነግጪ። ምን ያህል እንደምትፈሪ እናውቃለን እኮ! በሩን ሦስት ጊዜ የምትቆልፊ ሴት...»

«እፈራለሁ» አልኩት። «ፈርቼ ኦፕራሲዮን ገብቻለሁ። ፈርቼ ስድስት ጊዜ ኬሞ ወስጃለሁ። ፈርቼ ሦስት ልጅ ወልጄልሃለሁ። መፍራቴ ምኑን አስቀረብኝ? ሐኪሙ በሁለት ሳምንት ነይ ሲል እናንተ ለመርዶዬ ቀን ትቆርጣላችሁ። አልሞትኩም! ቆሜያለሁ!»

ድምፄ እንዲህ መውጣት እንደሚችል አላውቅም ነበር። መካኒኩም መሳቁን ተወ። ባሌ ፊቱ ተለወጠ፤ ተቆጣ ይሁን ሊያለቅስ፣ አልጠበቅኩም። ስልኩን መለስኩለትና ሄድኩ።

እቤት ስደርስ ልጄ ገና በር ላይ ስታየኝ አወቀች። ደብተሯን ጣለች።

«እማ፣ አባባ ነው እንዳትነግሪያት ያለኝ...»

«አውቃለሁ።»

«ልነግርሽ ነበር። በየቀኑ ልነግርሽ ነበር።»

አቀፍኳት። አልተቆጣኋትም፤ ግን አላባበልኳትም። «ከዛሬ ጀምሮ የእኔ የሆነውን ያነበብሽውን ሁሉ ታነቢልኛለሽ። የሚያስለቅስ ከሆነ አብረን እናለቅሳለን። ለብቻሽ አይሆንም» አልኳት። እትዬ ወዲያው ደረሰች፤ ወሬው ቀድሟት ነበር። «ለአንቺ ብለን እኮ ነው! እኛ ጠላቶችሽ ነን?» እያለች ደረቷን መታች። ጠላቶቼ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ያንኑ ነገርኳት። ከዚያም «እትዬ፣ የሚወደኝ ሰው ከደበቀብኝ ከማን ነው የምሰማው?» አልኳት። እስከ ዛሬም ልክ ነበርሽ ብላኝ አታውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት ከአኮ ጋር ክሊኒክ ሄድን። ነርሷ ፋይሌን አወጣች። በስልክ ቦታ ላይ የባሌ ቁጥር ተጽፏል።

«ይሄ ይሰረዝና የእኔ ይጻፍ።»

«ያንቺ ስልክ ወረቀት አይከፍትም፣ ማማ።»

«ድምፅ ይቀበላል። ደውይና ንገሪኝ።»

«እንዲህ ያለውን በስልክ ለታማሚ አንናገርም። ለቤተሰብ ነው።»

«ደሙ የማን ነው?»

ነርሷ ልጅ እግር ናት፤ አየችኝ፣ አኮን አየች፣ በስተመጨረሻ እስክሪብቶዋን አነሳች። የባሌን ቁጥር ሰረዘች። በአኮ ፋይል ላይም የእኔ ስልክ ተጻፈ፤ አኮ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ከጎኑ አተመች። «ይቺ ልጅ አንድ ጊዜ ዋሽታኛለች፤ ሁለተኛ ብትዋሽ እዚህ መጥቼ አሰርዛታለሁ» በይልኝ አለችኝ። ተረጎምኩ። ምን ላድርግ፣ እውነት ነው።

ከዚያ በልጄ እጅ ለቡድኑ በራሴ ድምፅ ላክሁ። የእኔ ከአሥራ ዘጠኝ አምሳ ሁለት፣ የአኮ ከአሥራ ስምንት ስልሳ አንድ፣ አሥር ቀን ተደብቆብን ነበር፣ የአኮን የደበቅኩት እኔ ነኝ። ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናገርኩ። መምህርቷ ወዲያው መለሰች። «ትኩሳት ነበረሽ? ላቦራቶሪው ያው ነው? እሺ። አምሳ ሁለት ፍርድ አይደለም። እንደገና ይለኩልሽ፣ ሲቲ ስካን ይዩልሽ። ዛሬውኑ መንገድ ጀምሩ።» ከእሷ ቀጥሎ አንዲት ሴት ድምፅ ላከች፤ እሷም ከቤቷ የሚነገራት «ደህና» ብቻ እንደሆነ ተናገረች። ቀጥሎ ሌላዋ። ሌላዋ። ቡድኑ ውስጥ ስንት ወር ሙሉ ቁጥር ተናገርን ያልን ሴቶች፣ ከመሃላችን አራቱ ቁጥራቸውን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም ነበር።

ባሌ እስከምሄድ ድረስ አላናገረኝም። ሻንጣዬን ግን እሱ ነው የሸከፈው። አስፋልቱ ተሠርቶ ካለቀ ወዲህ ሎሪ ላይ ሁለት ሦስት ቀን መንገላታት ቀርቷል፤ አኮ ግን በመስኮቱ እያየች በድርቁ ሜዳ ላይ የቀረውን የእንስሳት አጥንት ስትቆጥር ዋለች። እኔ በየኬላው መታወቂያዬን ሦስት ሦስት ጊዜ እየዳሰስኩ ሄድኩ።

ናይሮቢ የጠበቀን ያ የበፊቱ ሐኪም አይደለም፤ አዲስ፣ ወጣት፣ ችኩል። ደማችን እንደገና ተለካ፣ ሲቲ ስካን ተነሳን። በሦስተኛው ቀን ሁለታችንንም አንድ ላይ እንዲያስገቡን ለመንኩ። መጀመሪያ የእኔን ተናገረ። ቁጥሬ አርባ ዘጠኝ ነው። ስካኑ ላይ ምንም አይታይም። በቁጥር ብቻ መድኃኒት አንጀምርም፤ ከወር በኋላ ይለካ፣ ከወጣ እናያለን። «ይመለሳል ማለት ነው?» አልኩት። «አላውቅም፤ አሁን ማንም አያውቅም» አለኝ። ከ«ደህና» ይልቅ ይሄኛው «አላውቅም» አጥንቴን አጸናው። ቢያንስ እሱ የማያውቀውን እኔም አላውቅም፤ እኩል ነን። (ከዚያ ወዲህ ወጥቷል፣ ወርዷል፣ አንድ ጊዜም ኬሞ መልሼ ወስጃለሁ። ይህን የምጽፈው በሕይወት ሆኜ ነው።)

ከዚያ የአኮን የስካን ፎቶ ወደ ብርሃኑ አነሳ። ወደ እኔ ዘወር አለና በስዋሂሊ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ተመልሷል። ሆዷ ውስጥ ውሃ መቋጠር ጀምሯል። ኬሞ ይሰጣታል፤ ጊዜ ይጨምርላት ይሆናል እንጂ አያድናትም። «ይሄን ሁሉ ግን ለሷ አትንገሪያት» አለ። «አሮጊት ናት። መድኃኒት ትወስጃለሽ በያትና ይብቃ።»

አኮ አፌን አፌን እያየች ትጠብቃለች።

ልቤ ሱቄ ውስጥ ካለው የስፌት መኪና ፈጥኖ ይመታል። ሐኪም ነው፤ እኔ አራተኛ ክፍል ነኝ። መታዘዝ ይቀል ነበር። ደግሞ አሳዘነችኝ፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ከእናቴ ወዲህ እንደሷ ያሳዘነኝ ሰው የለም።

«አኮ» አልኳት፣ «ተመልሷል። ሆድሽ ውስጥ ውሃ አለ። መድኃኒቱ ጊዜ ይጨምርልሽ ይሆናል፣ አያድንሽም። ደግሞ ይሄን አትንገሪያት ብሎኛል።»

አኮ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ከዚያ ሐኪሙን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ገበያ ላይ ወጠጤ እንደምታይ። «ይሄ ልጅ እናት አለችው?» ብላ ጠየቀችኝ። ተረጎምኩለት። ደነገጠና «አለችኝ» አለ።

«እንግዲያው ጠይቂልኝ። ስንት ዝናብ?»

እኛ አገር ዝናብ በዓመት ሁለት ነው። አስረዳሁት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «መድኃኒቱ ከሠራ ሁለት፤ ምናልባት ከዚያ በላይ» አለ። በኋላ አኮ ሦስት ዝናብ አግኝታለች።

«ሁለት ዝናብ ይበቃኛል» አለች አኮ። «ያሉኝን ግመሎች ለሴት ልጆቼ በቁሜ አካፍላለሁ። ደህና ነሽ እያሉ ቢያሰናብቱኝ ወንዶቹ ሁሉንም ነድተውት ይሄዱ ነበር። በይ፣ አሁን መድኃኒቱን እንዴት እንደሚሰጠኝ ይንገረኝ። ለአንቺ አይደለም። ለእኔ ይንገረኝ።»

ይህንንም ተረጎምኩ። ሐኪሙ ወንበሩን ጎትቶ ከጠረጴዛው በዚህ በኩል አመጣው፣ ጉልበቱ ከጉልበቷ ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ተቀመጠ፣ ፊቷን እያየ አንድ አጭር ነገር ይናገርና ይጠብቀኛል። እኔ እያንዳንዷን ቃል አቀብላለሁ። ቃሉ በከበደ ቁጥር ድምፄን ከፍ አደርግ ነበር።